ለአባትና ለልጅ የምትሆን ጀልባ

ኮሮና በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ አል ዐይን እሠራበት የነበረው ቤት ጀልባ ሊገዛ ተነሣ። አል ዐይን ባሕር የላትም። ዙሪያዋ አሸዋ ነው፤ መሀሏ ተምር፣ ዳሯ ላይ ራቁቱን የቆመ ተራራ። ባሕር ለማየት ወደ አቡ ዳቢ አንድ ሰዓት ተኩል መንዳት ግድ ነው። ስለዚህ ባባ ምሳ ላይ «ጀልባ እንገዛለን» ሲል ማዳም የቀልዱን መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ልጅቷም ከስልኳ ቀና አላለችም።

ባባ የምለው አሠሪዬን ነው። ሊባኖሳዊ መሐንዲስ ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃዴ በስሙ የሆነው ካፊሌም እሱ ነው። በዐረብኛ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «አንተ» እያልኩት ኖሬያለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አፌ ላይ ትንሽ ይከብደኝ ነበር። ማዳም አስተማሪ ናት፤ ኮሮና ከመጣ ወዲህ ሳሎን ተቀምጣ በኮምፒዩተር ታስተምራለች። ልጃቸው አንዲት ናት። እዚያ ቤት ስገባ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ያኔ አሥራ አራት ሞልቷታል። «እታለም» ብላ እንድትጠራኝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስትናደድ በእንግሊዝኛ፣ ስትራብ በዐረብኛ፣ ከእናትና አባቷ የምትደብቀው ነገር ሲኖራት ደግሞ በተሰባበረ አማርኛ ታወራኛለች።

በሽታው እኛ ቤት ገብቶ ማንንም ሳይወስድ ወጣ። ልጅቷን ግን ቤት መዋሉ ወሰዳት። ትምህርቷ በስክሪን ሆነ፣ ጓደኞቿ በስልክ ሆኑ፣ በሯ ተዘጋ። ምግቧን በሩ ሥር አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ሳህኑ እንደነበረ ነው። አንድ ቀን ፀጉሯን ሳበጥርላት ማበጠሪያው እፍኝ ሙሉ ፀጉር ይዞ መጣ። ደግሜ ሳበጥር ደግሞ መጣ። በመስታወቱ ውስጥ ዐይን ለዐይን ተያየን።

«እታለም፣ አትንገሪ» አለችኝ በአማርኛ።

ነገርኳቸው። ማዳም አለቀሰች። ባባ ወደ ግቢው ወጥቶ ብዙ ቆየ። የጀልባው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ባባ በወጣትነቱ አገሩ ባሕር ላይ ስላሎም ይጫወት ነበር። በአንዲት ቀጭን ስኪ ላይ ቆሞ፣ ጀልባ በገመድ እየጎተተው፣ ውኃውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየሰነጠቀ ይሄዳል። ልጅቷ ደግሞ ከኮሮና በፊት አቡ ዳቢ ውስጥ በሽቦ የሚጎተቱበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ዌክቦርድ ተምራለች፤ ሁለቱም እግር የሚታሰርበት ሰፊ ሰሌዳ ነው፣ እየዘለሉ ይገለባበጡበታል። አባትና ልጅ የሚስማሙበት ነገር ቢፈለግ ውኃ ላይ መጎተት ብቻ ነበር የቀረው። ባባም ያንን ይዞ ልጁን ከክፍሏ ሊያወጣ አሰበ።

ችግሩ ሁለቱ ጨዋታዎች አንድ ጀልባ አይወዱም። ይህን ያወቅኩት ምሳ ጠረጴዛው ላይ ሲከራከሩ እየሰማሁ ነው። ለስላሎም የምትሆነው ጀልባ ቀላል ናት፤ ፈጥና ትሄዳለች፣ ከኋላዋም ሞገድ አታነሣም ማለት ይቻላል። ስኪ የሚጫወተው ሰው በየዙሩ ያንን ሞገድ ማቋረጥ ስላለበት፣ ሞገዱ ከፍ ካለ ጉልበቱን ይመታዋል። ዌክቦርድ ግን የሚዘለለው ከሞገዱ ላይ ነው። ለእሱ የምትሆነው ጀልባ ከባድ ናት፤ ይባስ ብሎም እንድትከብድ ሆዷ ውስጥ ውኃ ይሞሉባታል፣ ቀስ ብላ እየሄደች ከኋላዋ ግድግዳ የሚያህል ሞገድ ትገፋለች። ባባ የሚፈልገው ለጥ ያለ ውኃ ነው፤ ልጅቷ የምትፈልገው ተራራ ነው። ማዳም ደግሞ «ሁለታችሁም የምትወዷት ካልሆነች ምንም አይገዛም» አለች።

እኔ በዚህ ውስጥ የገባሁት በሕጉ ነው። የሚጎተተውን ሰው ከጀልባው ሆኖ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚመለከት፣ ሲወድቅም ባንዲራ የሚያነሣ አንድ ሰው የግድ ያስፈልጋል፤ ነጂው ወደፊት ነው የሚያየው። ማዳም ጀልባ ላይ ያስመልሳታል። አንድ ዐርብ ጠዋት ባባ ወጥ ቤት መጣ። ወጥ ቤት እምብዛም አይመጣም ነበር።

«በዚህ ክረምት ወደ አገርሽ ልትሄጂ እንደሆነ አውቃለሁ» አለኝ። «ትኬትሽን ቃል የገባሁልሽ እኔ ነኝ። ግን ወጥተሽ መመለሻው በኮሮና ቢዘጋስ? አንቺ ከሌለሽ ጀልባው ላይ የሚቀመጥ ሰው የለንም፤ እሷም ያለ አንቺ ከቤት አትወጣም። ጀልባዋን መርጠን እስክንገዛ ብቻ ቆዪልኝ። በተገዛች ሳምንት ትሄጃለሽ።»

እናቴን ካየኋት ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የምትኖረው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ዳር ነው። ስኳር አለባት፤ መድኃኒቷን በየወሩ ደሴ ወርዶ የሚያመጣላት የጎረቤት ሰው ነው። እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን አንድ ጀልባ ለመምረጥ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ወር። የልጅቷም ፀጉር በዐይኔ ላይ ነበር። «እሺ» አልኩ።

ለእማዬ ስደውል አልገባትም።

«የምን ጀልባ?» አለች።

«ከኋላዋ ሞገድ የምትሠራ።»

«ሰው ከሞገድ ይሸሻል እንጂ እንዴት ሞገድ ይገዛል?» ብላ ሳቀች። የእኛ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ በደንገል ታንኳ ነው የሚወጡት፤ ነፋስ ሲነሣ ሁሉም ወደ ዳር ይሮጣል። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «ብቻ አትዘግዪብኝ» አለችኝ።

የመጀመሪያዋን ጀልባ ያየነው ሙቀቱ ገና ሳይጠና ነው። ባለቤቱ ከሥራ የተቀነሰ የአውሮፕላን አብራሪ ነበር። አቡ ዳቢ ወደቡ ላይ ጭምብላችንን አድርገን፣ ስልካችን ላይ ያለውን፣ ከኮሮና ነፃ መሆናችንን የሚያሳየውን አረንጓዴ ምልክት አሳይተን ገባን። ሰውየው ጀልባዋን ሲያስነሣ እንኳ ስለ ጀልባዋ አላወራም፤ ስለ ቤት ዕቃው አወራ። ቤተሰቡ በሳምንቱ ከአገር ይወጣል፣ ሶፋው አልተሸጠም፣ ውሻውን የሚወስድ ጠፍቷል። እኔ ከሻሼ በላይ ኮፍያ፣ ከዐባያዬ በላይ የዋና ጃኬት ደርቤ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ተቀመጥኩ። ዋና አልችልም። ሐይቅ ዳር ያደግሁ ሰው ዋና አለመቻሌ ባባን ሁልጊዜ ይገርመው ነበር።

ባባ ውኃው ውስጥ ገብቶ ገመዱን ያዘ። ጀልባዋ ስትስበው አንዴ ሰጥሞ ብቅ አለና ቆመ። እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ቤት ውስጥ ትከሻው የወደቀ፣ መነጽሩን ፍለጋ የሚንከራተት ሰው ነበር። እዚያ ግን ሰውነቱ ከውኃው ጋር ሊነካካ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ተጋድሞ፣ በጎኑ የውኃ ግድግዳ እየረጨ ሲዞር የሌላ ሰው አባት መሰለኝ። ከጀልባዋ ኋላ ያለው ሞገድ የእጅ መዳፍ ከፍታ እንኳ የለውም። ሲወጣ እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር።

ልጅቷ ተራዋ ደርሶ በሰሌዳዋ ላይ ቆመች። ሄደች፣ ሄደች፣ የምትዘልበት ነገር አጣች። ከዚያ ገመዱን ለቀቀች። ባንዲራውን አነሣሁ። ጀልባዋ ዞራ ስትደርስላት ውኃው ውስጥ ሆና «የት አለ ሞገዱ?» ብላ በእንግሊዝኛ ጮኸች። «ይህ እኮ የአንተ ጀልባ ነው! ለእኔ ብለህ አይደለም፣ ለራስህ ነው!»

ባባ እጁን ዘርግቶ ከውኃው አወጣት። አብራሪውን «እንደውልልሃለን» አልነው፤ እሱም እንደማንደውል ገብቶት «በሳምንቱ አልኖርም» አለ።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው ተጓተተ። አንዷ ያረጀች ናት፣ አንዷን ሌላ ሰው ቀደመን፣ አንዷ ሞተሯ ተበላሽቶ ተገኘ። ዐርብ በመጣ ቁጥር ባባ ስልኩ ላይ የጀልባ ፎቶ እያሳየ ልጁን ይጠራታል። ከሁሉም የገረመኝ ልጅቷ መምጣት መጀመሯ ነው። ለመከራከር ብላ ትመጣለች፤ ግን ትመጣለች። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተው የሞገድ ሥዕል ይሥላሉ፣ ይደማመጣሉ፣ ይጣላሉ። ሳህኗ ባዶ ሆኖ መመለስ ጀመረ። ማዳም ወጥ ቤት መጥታ ሳህኑን አሳየችኝና አቀፈችኝ። እኔም አብሬያት ደስ አለኝ። ውስጤ ግን ቀን ይቆጥር ነበር።

ሁለተኛዋን ጀልባ ያየነው በሐምሌ፣ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ በሚጋረፍበት ጊዜ ነው። ሻጯ ባሏ በኮሮና የሞተባት ሴት ነበረች። እሷ ራሷ አብራን ወጣች፤ የሚነዳው የወደቡ ሠራተኛ ነው። ጀልባዋ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰውየው ትቶት እንደሄደ ነበር። ፎጣ ለማውጣት አንዱን መሳቢያ ስከፍት የወንድ መነጽርና ግማሹ የተበላ የማስቲካ ፓኬት አገኘሁ። ሴትዮዋ አየችኝ። «ተይው፣ እዚያው ይሁን» አለችኝ። መሳቢያውን ዘጋሁት።

ያቺ ጀልባ ከባድ ነበረች። ሆዷ በውኃ ሲሞላ ከኋላዋ የተነሣው ሞገድ እኔ ከተቀመጥኩበት ደረቴ ይደርሳል። ልጅቷ በረረች። ስትዘል ሰሌዳው ከውኃው ተላቆ አየር ላይ ሲቆም አየሁ፤ እኔም ጮህኩ። ዓመት ከመንፈቅ ያላየሁት ፊቷ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ የባባ ተራ ሆነ። ውኃውን ከጀልባዋ ሆድ አስወጡለት፣ ሞገዱ ግን ከመነሻው ትልቅ ስለሆነ ብዙም አልወረደም። በመጀመሪያው ማቋረጥ ጉልበቱ ታጠፈ። በሁለተኛው በተለይ በግራ በኩል ያለው ሞገድ መታው፤ ወደፊት ተደፍቶ ሊወድቅ ሲል በአንድ እጁ ተረፈ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሲሆን አይቼዋለሁ። ፊቱ ላይ ሕመሙን አይቼዋለሁ። ወጥቶ ፎጣ ሲይዝ ግን ለልጁ «ጥሩ ናት፣ ትሆነኛለች» አላት።

ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት። እንዲህ ካደረገች ስንት ጊዜዋ ነበር! ባባ ከትከሻዋ በላይ ወደ እኔ ተመለከተ።

«አንቺ ሁሉን ያየሽ ነሽ» አለኝ። «እውነቱን ንገሪን። እንዴት ነበርኩ?»

ያን ጊዜ «ጥሩ ነበርክ» ብል ኖሮ ጀልባዋ በዚያ ሳምንት ትገዛ ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ እኔ ሐይቅ እገኝ ነበር። ይህን ያኔም አውቄዋለሁ፤ ኋላ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ግን የጠየቀኝ ሰው ፊቴ ቆሞ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። በየዐርቡ እንዲያ ሲመታ፣ እኔ ፊቴን አዙሬ እያየሁት…

«በግራ በኩል ያለው ሞገድ መታህ» አልኩት። «ሦስት ጊዜ ልትወድቅ ነበር። ይህ ጀልባ ይጎዳሃል።»

ልጅቷ እጇን ከአንገቱ ላይ አወረደች። ወደ እኔ ዞራ፣ እናትና አባቷ እንዳይሰሙ በምትጠቀምበት በአማርኛ፣ «እታለም፣ አንቺ ሁልጊዜ ትናገሪያለሽ» አለችኝ። ስለ ጀልባው ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ባባ ለሴትዮዋ ይቅርታ ጠየቀ። እሷ ራሷን ነቀነቀችና የጀልባዋን ሸራ እንድመልስ ልታግዘኝ መጣች፤ ሁለታችን ጫፍና ጫፉን ይዘን አለበስናት። እጆቿ ቋጠሮውን ማሰር አልሆነላቸውም፤ እኔ አሰርኩላት።

ነሐሴና መስከረም ጀልባ ሳናይ አለፉ። ሙቀቱ ነበር፤ የባባም ሥራ ይታወክ ጀመር። በዚያ መካከል ጦርነቱ ወደ ወሎ መጣ። በየቀኑ እደውላለሁ። እማዬ መጀመሪያ ላይ «ሩቅ ነው» አለች፤ ከዚያ «ድምፁ ይሰማል» አለች፤ ከዚያ ጎረቤቶቹ ወደ ደሴ መሸሽ ጀመሩ። እግሯ አይችልም። «እኔን አሮጊት ማን ይነካኛል? ዱቄት አለኝ፣ ውኃ አለኝ» አለችኝ። መድኃኒቷን ስጠይቃት «ትንሽ ይቆየኛል» አለች። በማግስቱ ስደውል ስልኩ አልጠራም። በሦስተኛውም ቀን አልጠራም።

ወደ ባባ ሄጄ «ልሂድ» አልኩት። አልተቆጣም። ራሱ ስልኩን አንሥቶ ስለ በረራው ጠየቀልኝ። ከዚያ እጁን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ያደርስሻል» አለኝ። «ከዚያስ? መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ።»

ልክ ነበር። አዲስ አበባ ማንም የለኝም። አዲስ አበባ ሆኖ ስልኩ እንደማይጠራ መስማትና አል ዐይን ሆኖ መስማት አንድ ነው። ከአልጋዬ ጎን ሰጋጃዬን ዘርግቼ ዱዓ አደርግ ነበር፤ ከዚያ ተነሥቼ ልብስ እተኩሳለሁ። ልጅቷ አኩርፋኝ የቆየችው ያኔ ተመለሰች። ክፍሌ መጥታ አጠገቤ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፣ በእኔ ስልክ ቁጥሩን ደጋግማ ትደውላለች። «አልጠራም» ትለኛለች። «ደግሞ ልሞክር?»

ሦስተኛዋ ጀልባ የተገኘችው በዚያ ሰሞን፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ለሁለቱም ጨዋታ ተብላ የተሠራች ናት አለ ሻጩ፤ በቁልፍ የሚወርድና የሚወጣ ብረት ከኋላዋ አላት፣ ሲያወርዱት ሞገዱን ይጨፈልቀዋል፣ ሲያወጡት ይለቀዋል፤ ሆዷም በደቂቃዎች ውስጥ ውኃ ሞልቶ ይጎድላል። በዚያን ቀን ማዳምም ክኒን ውጣ መጣች። «ዛሬ ካልተስማማችሁ ኸላስ፣ አልቋል» አለች። ጀልባዋ ብትገዛም እኔ አገሬ ልሂድ አልሂድ አላውቅም ነበር። ጃኬቴን አጥልቄ፣ የሁሉንም ስልክ ውኃ በማይገባው ከረጢት ውስጥ ይዤ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ውኃ ውስጥ የማልገባው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ስልክ የምይዘው ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

ከአል ሪም ደሴት ፎቆች ጀርባ፣ ውኃው ጸጥ ባለበት ወጣን። ልጅቷ ቀደመች። ሞገዱ የሁለተኛዋን ጀልባ ያህል ባይሆንም በቂ ነበር። ዘለለች፣ ወደቀች፣ እንደገና ዘለለች። ከውኃው ውስጥ ሆና እጇን አውለብልባ፣ «እታለም! አየሽኝ?» ብላ በአማርኛ ጮኸች። «አየሁሽ!» አልኳት። ማዳም ትርጉሙን ሳትጠይቀኝ አብራ ሳቀች።

ባባ ሲገባ ውኃውን አጎደሉ፣ ብረቱን አወረዱ። ሞገዱ ተኛ። እሱም ተነሥቶ ሄደ። ያኔ ነው ከረጢቱ ውስጥ ስልክ የተንቀጠቀጠው፤ የባባ ነበር። የእኔ መስሎኝ ፈጥኜ አወጣሁት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ማዳም «ማን ነው እንዲህ የሚያጣድፈው?» ብላ ተቀበለችኝና አነበበች። እኔ ፊቴ ወደ ኋላ ስለሆነ ያየሁት ባባን ነው። ልጅቷ ፎጣ ለብሳ ከነጂው አጠገብ ስለነበረች አላየችም። ማዳም ስልኩን ሳትመልስልኝ ስትቀር ዞር አልኩ። ፊቷ ነጭ ሆኗል። የባሕሩ ማቅለሽለሽ መሰለኝ።

«ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ነው» አለችኝ በዝግታ። «የሚቀነሱት ሰዎች ዝርዝር ወጥቷል ይላል። ስሙ አለበት።»

ፊቴን ወደ ኋላ መለስኩ። ባባ ከኋላችን ከግራ ወደ ቀኝ ይቆርጥ ነበር። ሞገዱን ሲያቋርጥ ጉልበቱ እንኳ አልታጠፈም።

«እንዳትነግሪው» አለችኝ ማዳም። ስልኩን መለሰችልኝ። ነጂው ጀልባዋን ወደ ወደቡ ሊያዞር ሲል እጇን አነሣችና «አንድ ዙር ጨምርለት» አለችው። ከዚያም ሌላ ዙር አስጨመረችለት። እሱ የእኛን ሐሳብ አያውቅም፤ አንዴ እጁን ከገመዱ ላይ አንሥቶ ወደ ልጁ አውለበለበ። ባንዲራውን ማንሣት አላስፈለገኝም። ራሱ ሲደክመው ገመዱን ለቅቆ ቀስ እያለ ሰጠመ።

ጀልባዋ ላይ ሲወጣ ውኃው ከፊቱ ይንጠባጠባል። «ይቺ ናት!» አለ። «አገኘናት። አይደል?» ልጅቷ «ይቺ ናት» አለች በዐረብኛ። ወደ ማዳም ዞረ፤ ማዳም ሳመችው። ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ጥሩ ነበርክ» አልኩት። እሱማ እውነት ነበር።

ከሻጩ ጋር ተጨባበጡ። ወደ አል ዐይን ስንመለስ አባትና ልጅ ለጀልባዋ ስም ሲያወጡላት፣ ሲሰርዙ፣ ሲያወጡላት ነበር። ማዳም ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ተቀመጠች። ስልኩን ወደቡ ላይ መልሼለት ነበር፤ ግን አላየውም። በደስታ ቀን ስልክ ማን ያያል?

ማዳም የነገረችው በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ነው። ከወጥ ቤቱ መስኮት አያቸው ነበር። አልጮኸም። የውኃውን ጎማ ከፍቶ መኪናውን ማጠብ ጀመረ። ያጠበውን ደግሞ አጠበ። ልጅቷ ወጥታ ስታየው ገባት፤ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። በዚያ ቀን ምሳ የበላ የለም።

የጀልባዋ ግዢ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በስድስት ሳምንት ውስጥ አለቀ። አገራቸው መመለስ አልፈለጉም፤ እዚያ መብራትም ሥራም የለም ይላሉ። ካናዳ ያለው የማዳም ወንድም ጋ ሊሄዱ ወሰኑ። ሰዎች እየመጡ የቤቱን ዕቃ እያዩ ወሰዱ፤ እንደ አብራሪው ሁሉ ሶፋቸው እስከ መጨረሻው ሳይሸጥ ቆየ። የባባን ስኪ የሚገዛ አልተገኘም። ከአጥሩ ውጭ የቆሻሻ ገንዳው ጎን ተደግፎ ቀረ፤ በማግስቱ ግን አልነበረም። ማዳም የወሎ መንገድ እስኪከፈት ብላ እኔን የሚቀበለኝ ቤት ፈለገችልኝ፤ አቡ ዳቢ፣ ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ፣ አምስት ልጆች ያሉት ቤት። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ወደዚያ እንዲዛወር ባባ ከቢሮ ቢሮ ሮጠልኝ።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ባባ ሁለተኛ ጊዜ ወጥ ቤት መጣ። ባዶ ነበር፤ የቀረው አንድ ድስትና ሁለት ብርጭቆ ነው።

«በሐምሌ መሄድ ነበረብሽ» አለኝ።

«አላህ ያለው ነው» አልኩት።

ይህን ያልኩት እሱን ለማሳረፍ ነው። እሱም እንዳላመንኩበት አውቋል መሰለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ልጅቷ በመጨረሻው ጠዋት ከመኪናው ወርዳ ተመለሰች። አቀፈችኝ። ቁመቷ በልጦኝ ነበር፤ አገጬ ትከሻዋ ላይ አረፈ። «ነይ ከእኛ ጋር» አለችኝ በአማርኛ፣ እንደማይሆን እያወቀች። «እሺ» አልኳት፣ እኔም እያወቅኩ።

የወሎ ስልክ የተከፈተው እኔ አዲሱ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የልጆቹን ልብስ እያጠፍኩ እንደ ልማዴ ደወልኩ፤ ጠራ። እጄ ላይ የነበረው ልብስ ወደቀ። ያነሣችው ግን እማዬ አይደለችም፣ ጎረቤታችን ናት። ስሜን ጠራች። የስኳሩ መድኃኒት እንዳለቀ፣ የሚያመጣላት ሰው መሸሹን፣ ወደ መጨረሻው ላይ ሰው መለየት እንዳቃታት ነገረችኝ። የቀበሯት ያልሸሹት ሽማግሌዎች ናቸው። ከሞተች አርባ ቀን ሊሞላት ነበር። «መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ትጠብቅሽ ነበር» አለችኝ። ለምን እንደነገረችኝ አላውቅም። ምናልባት መጽናኛ መስሏት ይሆናል።

አዲሷ ማዳም የሦስት ቀን ዕረፍት ሰጠችኝ። በሁለተኛው ቀን ተነሥቼ ሥራ ጀመርኩ፤ ተቀምጬ ሳስብ የሚመጣው ሌላ ነገር አልነበረም፣ ያቺ ሁለተኛዋ ጀልባ ነበረች፣ የባባ ጉልበት፣ የጠየቀኝ ጥያቄና የመለስኩት መልስ። ስንት ጊዜ በሐሳቤ ሌላ መልስ እንደሰጠሁት አልናገርም። አንዳንዴ አሁንም እሰጠዋለሁ።

ልጅቷ መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ከዚያ በየወሩ። አንድ ቀን በቪዲዮ ስትደውል ፀጉሯን በጣም አሳጥራ ተቆርጣለች። መርገፉ ቆመልሽ ወይ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። ከኋላዋ መስኮቱ በበረዶ ነጭ ሆኗል። አባቷ ሥራ እንዳላገኘ፣ ሶፋ ላይ እንደሚውል፣ ስለ ውኃ ሲወራ ክፍሉን ለቅቆ እንደሚወጣ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። አማርኛዋ እየጠፋ ነበር፤ ቃሉን ትፈልገዋለች፣ ታጣዋለች፣ ትተወዋለች። ግን ልትዘጋ ስትል አንድ ሙሉ ጥያቄ ሳትሳሳት ጠየቀችኝ።

«እታለም፣ ስልኩ ጠራ? እናትሽ ደህና ናት?»

ከኋላዋ ማዳም እያለፈች ሰላምታ ሰጠችኝ። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ ተደፍታ ትጠብቃለች። ክብደቷ እንደቀነሰ ያን ጊዜ አየሁ።

«ጠራ» አልኳት። «ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ይህንንም ከእኔ ነው የሰማችው። ትምህርት እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት፣ እሷም ነገረችኝ። ከታች ልጆቹ ተሰብስበው እራት ይሉ ነበርና ተሰናብቻት ወረድኩ።